አማት በተቃራኒ ወንበር

እኛ ሠፈር «በአንድ በኩል» እያልን የምንጠራው ሰው አለ። ቅጽል ስሙን ያወጣችለት የገዛ ሚስቱ ናት። እሷና እኔ አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ቆመን ስንሠራ ዘመናችንን ፈጅተናል፤ ቤታችንም አጥር ለአጥር ነው። ስለዚህ ከማወራው ግማሹን በዓይኔ ያየሁት፣ ግማሹን ደግሞ ደንበኛ ጋብ ሲልልን እሷ በርጩማዋን ስባ የነገረችኝ ነው። የጨመርኩበት ካለ ጥቂት ነው፤ እሱም ለማጣፈጫ ያህል።

ስሙ የወጣለት በተጋቡ ሰሞን ነው። ሾርባ አቅርባለት «ጨው አነሰው እንዴ?» ብትለው፣ ቀመሰና ማንኪያውን በክብር አስቀመጠ።

«በአንድ በኩል» አለ፣ «ጨው ሲበዛ ለጤና ጠንቅ መሆኑ የታወቀ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ምግብ ጣዕም ካጣ አይበላም፤ ካልተበላ ደግሞ የተዘጋጀበት ዓላማ...»

«አንተ ሰውዬ! ላምጣልህ ወይስ ይቅር?»

«ቢመጣ አልቃወምም።»

ጨው መጣ፤ ስሙም በዚያው ጸና።

እንዲህ ያደረገው ሥራው ነው። በወጣትነቱ የአንድ መሥሪያ ቤት የሕግ ክፍል ባለሙያ ነበር፤ ረቂቅ ያዘጋጃል፣ በስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ይይዛል። አንድ ቀን የልብስ ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች አቤት ሊሉ መጡ። ያስጨነቃቸው የአዲሱ ረቂቅ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ማንኛውም ሳሙና የተሠራበት ቀን መጠቅለያው ላይ ይታተም የምትል። የእነሱ ሳሙና ደግሞ መጠቅለያ የሚባል ነገር የለውም፤ እንደ ጡብ ተደርድሮ ራቁቱን ነው የሚሸጠው። ታዲያ ይህን የተናገረ ከመካከላቸው አንድ እንኳ አልነበረም። ስለ መብራት መቋረጥ ተናገሩ፣ ስለ መንገዱ ጉድጓድ ተናገሩ፣ ስለ አባቶቻቸው ትጋት ተናገሩ፤ አንዱማ ስለ ሚዜው ክህደት ሁሉ ጀምሮ ነበር። ኃላፊው ሰዓቱን አየና አመስግኖ አሰናበታቸው።

በአንድ በኩል ኮሪደር ላይ ተከትሎ ደረሰባቸው።

«እናንተ ሰዎች፣ ሳሙናችሁ እኮ መጠቅለያ የለውም! እሷን ብቻ ተናግራችሁ ብትወጡ አሁኑኑ ትስተካከል ነበር።»

እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው ያለው ሽማግሌ ፈገግ አለና፣ «ልጄ፣ አፍ ያለው ያግባሽ ማለት ይህ ነው። ለምን አንተ አትናገርልንም?» አለው።

የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ ያን ዕለት ሊናገርላቸው አልቻለም። ነገር ግን የሽማግሌው ቃል ውስጡ ቀረ። ጥቂት ቆይቶ መሥሪያ ቤቱን ለቀቀና፣ ከአንድ ጥርስ ሐኪም ቤት በላይ ሁለት ክፍል ተከራይቶ፣ በሩ ላይ «የማኅበራት ጉዳይ አማካሪና ወኪል» የሚል ጽሑፍ ሰቀለ። ፈረንጅኛውን የሚወዱ «ሎቢስት» ይሉታል። ጥርሳቸውን ሊነቀሉ የመጡ ሰዎች አንዳንዴ ተሳስተው እሱ ቢሮ ይገባሉ፤ እሱም እስኪያስረዳቸው ድረስ ሕመማቸው ይብሳል።

ሥራው እንዲህ ነው። መንግሥት አዲስ ሕግ ሊያወጣ ሲያስብ፣ ሕጉ የሚነካቸው ሰዎች ወደ እሱ ይመጣሉ። ረቂቁን አንብቦ የምትቆረቁራቸውን ቃል ይለቅማል። ከዚያ ብዕሩን የጨበጠው ባለሙያ ማን እንደሆነ ያጣራል፤ ሚኒስትሩ ጋ መሮጥ የጀማሪ ሥራ ነው ይላል። ቀጠሮ ይለምናል፣ ይጠብቃል፣ ያስረዳል፣ እንደገና ይጠብቃል። ከሥራው አብዛኛው መጠበቅ ነው። የየትኛው መሥሪያ ቤት ወንበር ወገብ እንደሚሰብር፣ የትኛው ጸሐፊ ከምሳ በፊት እንደምትቆጣና ከምሳ በኋላ እንደምትራራ ጠንቅቆ ያውቃል። ስሙ በምክር ቤቱ መዝገብ በይፋ ሰፍሯል፤ ከሻይ ያለፈ ማንንም አይጋብዝም፤ ሻዩም ቢሆን ያለ ብስኩት ነው።

ደስታውም ለብቻው ነው። «ይከለከላል» የሚለው ቃል «ይወሰናል» ሲሆንለት ሌላ ሰው ልጁን ሲድር የሚደሰተውን ያህል ይደሰታል። አንድ ቀን ኬክ ገዝቶ ገባ።

«ምን ተገኘ?» አለችው ሚስቱ።

«አንቀጹ ውስጥ ‹እንደ አስፈላጊነቱ› የምትል ቃል አስገባሁ!»

«እሷ ደግሞ ምን ትሠራለች?»

«ታስተነፍሳለች» አለ ዓይኑን ጨፍኖ። «አንቀጹን ታስተነፍሳለች።»

ኬኩን እኔም ቀምሻለሁ። ለአንዲት ቃል የተገዛ ሆኖ ሲታይ ጥሩ ኬክ ነበር።

እንዲህ በሰላም ይኖር ወደነበረው ሰው ቤት ባለፈው ዓመት አማቱ መጡ። ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርገው፣ እስኪያገግሙ ልጃቸው ዘንድ ይቀመጡ ተባለ። እኚህ ሴት ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ናቸው፤ ሠፈሩ ሁሉ «ዳይሬክተሯ» ይላቸዋል። ዛሬ ፀጉራቸው የሸበተ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው መንገድ ላይ ሲያዩዋቸው እጃቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ። ምርኩዝ ይዘው ሲሄዱ እንኳ ምርኩዙ የሚደግፋቸው ሳይሆን አጥፍቶ ተይዞ የሚወሰድ ነው የሚመስለው።

አማቻቸውን አይጠሉትም። ሥራውን ግን ሊረዱለት አልፈለጉም።

«ልጄ፣ እስቲ ንገረኝ፤ አንተ ማለት ጉዳይ ገዳይ ነህ አይደል?»

«ኧረ እማማ! ጉዳይ ገዳይ በጓሮ በር ነው የሚገባው። እኔ በፊት ለፊት በር ገብቼ፣ ስሜን አስመዝግቤ፣ የደንበኛዬን ሐሳብ ነው የማቀርበው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እጠብቃለሁ።»

«ደጅ ትጠናለህ ማለት ነው።»

«እንደሱ እንኳን...»

«አባቶቻችን ደጅ መጥናት ነበር የሚሉት። ከረባት አይታሰርበትም ነበር እንጂ ሥራውስ ያው ነው» አሉና ወደ ሹራባቸው ተመለሱ። በኋላ እኔ ፊት ለጓደኛቸው ሲያስተዋውቁት፣ «አማቼ ነው፤ ስለ ሰው ይናገራል፤ ስለ ራሱ ሲናገር ግን አይገባም» አሉ።

እንግዲህ ከቤታቸው ጀርባ አንድ ትልቅ ብየዳ ቤት አለ። በርና መስኮት ይሠራል፣ ብረት ይቆርጣል። ገና ጎህ ሲቀድ የብረት መቁረጫው ጥርስ በሚያፋጭ ድምፅ ይጀምራል። እኛ የሠፈሩ ሰዎች ለምደነዋል፤ ዝናብም ይዘንባል፣ ብረትም ይቆረጣል ብለን ትተነዋል። ዳይሬክተሯ ግን የሚለመድ ነገር አልታያቸውም። ሐኪሙ «ዕረፍት» ብሎ አዝዞላቸዋል፤ እሳቸው ደግሞ ትእዛዝ የሚያከብሩ ሰው ናቸው፤ መቁረጫው አላስከብር አለ።

በዚያው ወራት ምክር ቤቱ ውስጥ አንድ ረቂቅ አዋጅ ወጣ፤ ድምፅ የሚያሰሙ ሥራ ቤቶች ሁሉ ከመኖሪያ ሠፈር ተነሥተው ከከተማ ዳር ወዳለው የፋብሪካ ሜዳ ይሂዱ የሚል። የብረትና የእንጨት ሥራ ቤቶች ማኅበር ተደናገጠ። ደንበኛቸው ሁሉ ያለው ሠፈር ውስጥ ነው፤ ለአንዲት የበር ማጠፊያ ማን ከተማ ዳር ድረስ ይሄዳል? የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሮጦ ወደ በአንድ በኩል ቢሮ መጣ። ሊቀ መንበሩ ሌላ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ የእኛው የጀርባ ጎረቤት፣ ባለ ብየዳ ቤቱ ነው።

ትከሻው በር የሚሞላ፣ ልቡ የዋህ ሰው ነው። አንድ ችግር ብቻ አለበት፤ አይሰማም። ዕድሜ ልኩን ብረት ሲቆርጥ ጆሮው ደክሟል። ስለማይሰማ ይጮኻል፤ ስለሚጮህ ደግሞ ያዳመጠው ሁሉ የተቆጣ ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ «ሥራችን ያን ያህል ድምፅ የለውም» ብሎ ሊከራከር የመጣው።

በአንድ በኩል ውሉን ፈረመና ሥራውን ያዘ። በየዕለቱ በሊቀ መንበሩ ጆሮ ሥር እየጮኸ ስለሚነጋገር፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ድምፁ ሻክሮ ሚስቱ ማር በሙቅ ውሃ ትሰጠዋለች። ረቂቁን የያዘውን ባለሙያ አገኘ፣ አስረዳ። የቋሚ ኮሚቴውን ሰብሳቢ ለማግኘት ግን ጸሐፊዋ «ነገ»፣ «ሳምንት»፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው» እያለች አመላለሰችው።

በመጨረሻ አንድ ጠዋት ቀጠሮ ተሰጠው። ከረባቱን አስተካክሎ መጠበቂያው ክፍል ሲገባ ክው ብሎ ቀረ። ወገብ የማይሰብረው ብቸኛ ወንበር ላይ፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ አማቱ ተቀምጠዋል። እሱን ለሳምንታት ያመላለሰችው ጸሐፊ ሻይ እያማሰለችላቸው ነው። በብስኩት።

«እማማ! እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ጉልበትዎን ለሐኪም ሊያሳዩ አልነበር እንዴ?»

«ጉልበቴን አሳይቼ ጨረስኩ» አሉ ተረጋግተው። «አሁን ጉዳይ ልገድል መጥቼ ነው።»

ጸሐፊዋ ተሽኮረመመች። «ያስተማሩኝ ናቸው» አለችው፤ ይህም ሁሉን ነገር ገለጸለት።

ነገሩ ወዲህ ነው። እሱ ቢሮ ቢሮ ሲዞር እሳቸው ደግሞ ቤት ለቤት ዞረው ነበር። ጨቅላ ሕፃን የያዘችውን እናት፣ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራውን ጥበቃ፣ ፈተና የደረሰበትን ተማሪ፣ እኔን ራሴንም ሰብስበው የሠፈር ኮሚቴ አቋቁመው፣ በመቁረጫው ድምፅ ላይ አቤቱታ አስፈርመዋል። ፈርሜያለሁ። ባልፈርም ያንበረክኩኝ ነበር ብዬ አስቤ አይደለም፤ ብቻ ፈርሜያለሁ። ሚስቱም ታውቃለች። ያን ዕለት ቤት ሲገባ አፋጠጣት።

«አንቺ ታውቂ ነበር!»

«በአንድ በኩል አውቅ ነበር» አለችው። «በሌላ በኩል እናቴ ናት።»

ሚስትየው ወዲያውኑ ለቤቱ አዋጅ አወጣች፤ ገበታ ላይ ስለ ብረት፣ ስለ ድምፅ፣ ስለ ምክር ቤት ማንሣት ክልክል ነው አለች። «‹ክልክል› የሚለው ቢለሳለስ...» ብሎ ሊጀምር ሲል በዓይኗ ዘጋችው።

እሱ ግን በሥራው ቀልድ አያውቅም። በማግስቱ ለምክር ቤቱ በተቃራኒ ወገን የቆሙት አማቱ መሆናቸውን አሳወቀ። ቀጥሎ ደንበኛው ጋ ሄደ።

«ጋሼ፣ አንድ የምነግርዎ ነገር አለ፤ ተቃዋሚያችን አማቴ ናቸው!»

«ምን?»

«አማቴ! ናቸው! የሚቃወሙን!»

«አማትህም ደገፉን? ተመስገን ነው!» ብሎ ሊቀ መንበሩ ትከሻውን መታው። እስኪገባው ድረስ መንገደኛው ሁሉ ሰማ። ሲገባው ደግሞ ሳቀ። «ታዲያ ምን ችግር አለ? ቤታችሁ ውስጥ ጨርሱታ!»

«አይሆንም። ቤት ቤት ነው፤ ምክር ቤት ምክር ቤት ነው።»

«ምን?»

«አይሆንም!»

ይህን በማለቱ አከብረዋለሁ። ነገር ግን አንድ ድክመት አለበት፤ ስለ ሙያው ከጠየቁት ልቡ ይቀልጣል። ዳይሬክተሯም ሠላሳ ዓመት ልጅ ያሳደጉ ናቸውና የት ጋ እንደሚነካ ያውቃሉ። አንድ እሑድ ከሰዓት በረንዳ ላይ ሹራባቸውን እየሠሩ፣

«ልጄ፣ እንዲያው ለዕውቀት ያህል ነው» አሉ። «አንድ ሰው ምክር ቤት ፊት ቢቀርብ መጀመሪያ ምን ይላል?»

ዝም ሊል ይገባው ነበር። ሚስቱ በመስኮት በኩል እጇን እያወዛወዘች «ዝም በል» ትለዋለች። እሱ ወንበሩን አስጠግቷል።

«እማማ፣ ትልቁ ስሕተት ምን መሰለዎ? ሁሉን መጠየቅ ነው። ሁሉን የጠየቀ ባዶ እጁን ይመለሳል። አንድ ነገር! አንድ ነገር ብቻ! ሌላኛው ወገን ‹ለምን እምቢ እላለሁ?› ብሎ እስኪያስብ ድረስ ትንሽ የሆነች ነገር። ከዚያ መቀመጥ። ሰው ሁሉ የሚሸነፈው መቀመጥ አቅቶት ነው።»

«አሃ» አሉ አማቱ። አንድ ዙር ሹራብ ጨረሱ። «መቀመጥ።»

ይፋዊ የሕዝብ ውይይት የተባለው ቀን ደረሰ። እኛ የሠፈሩ ሰዎች በአንድ አውቶቡስ ሄድን። አዳራሹ ሰፊ ነው፤ ወንበሮቹ ሰማያዊ፣ ማይክሮፎኖቹ የሚያፏጩ። እኛ በቀኝ፣ የማኅበሩ ሰዎች በግራ ተቀመጥን። በአንድ በኩል በግራ ከፊት ነው፤ አማቱ በቀኝ ከፊት። ሁለቱ ጠዋት ከአንድ ቤት፣ በአንድ ታክሲ፣ መንገዱን ሙሉ ስለ አየሩ እያወሩ ነው የመጡት። ሚስትየው መሀል ካለው መተላለፊያ አጠገብ ወንበር ይዛለች፤ እንዲህ ሲሆን ገለልተኛ ነኝ ማለቷ ነው።

እሱ የተዘጋጀው ስለ መነሣት ነበር። ሥራ ቤቶቹ ቢነሡ ስንቱ እንጀራውን እንደሚያጣ፣ የከተማ ዳሩ ሜዳ ውሃ እንደሌለው፣ ሠራተኛው በምን እንደሚመላለስ፣ ሁሉን አጥንቶ፣ መስታወት ፊት ቆሞ ተለማምዶ ነው የመጣው። ሰብሳቢዋ፣ ፀጉራቸውን አጭር የተቆረጡ ቁጥብ ሴት፣ መጀመሪያ ለነዋሪዎቹ ዕድል ሰጡ። ዳይሬክተሯ ተነሡ።

«የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው» አሉ።

በአንድ በኩል ቀና አለ።

«ይነሡ አላልንም። የበራችንን ማጠፊያ የሠሩልን እነሱ ናቸው፤ ነገም ሲሰበር የምንሮጠው ወደ እነሱ ነው። ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ሳይሄዱ፣ ከምሳ በኋላም ሕፃንና ሕመምተኛ በሚያሸልብበት ሰዓት ብረት መቁረጫው ይረፍ። ሌላ ጥያቄ የለንም።»

ተቀመጡ። እንዴት ያለ መቀመጥ! ሚስትየው በመተላለፊያው ማዶ ባሏን አየችው፤ እሱ ጣሪያውን እያየ ነበር። ያስተማረው ነገር አንድም ሳይዛነፍ ከፊቱ ቆሟል። የተዘጋጀበት ንግግር ሁሉ ማንም ያልጠየቀውን ነገር መቃወም ሆነ።

ተራው ደርሶ ተነሣ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ክብርት ሰብሳቢ፣ በአንድ በኩል...»

የቀኙ ወገን ባንድ አፍ ሳቀ። እኔም አልቻልኩም። ሰብሳቢዋ ምክንያቱን ባያውቁም ከንፈራቸውን ነክሰው፣ «ጊዜ ስላጠረን ከሌላው በኩል ቢጀምሩልን» አሉት።

«ማኅበሩ የመነሣቱ አንቀጽ እንዲሰረዝ ይጠይቃል» አለ እንደምንም። «የሰዓቱን ነገር ግን ደንበኛዬን ሳላማክር መመለስ አልችልም።» ከዚያ ወደ ሊቀ መንበሩ ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ። ያለ ማይክሮፎንም ቢሆን ሁላችንም ሰማነው።

«ጋሼ፣ ሰዓት ነው የሚሉት!»

«ምን?»

«ሰዓት! ሰዓት!»

ሊቀ መንበሩ እጅጌውን ሰብስቦ ሰዓቱን አየ። «አራት ከሩብ!» አለ፣ አዳራሹን እያናጋ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሊቀ መንበሩም ሰው ሲስቅ አይቶ አብሮ ሳቀ፤ ምን እንዳሳቀን ሳያውቅ። ያልሳቁት ዳይሬክተሯ ብቻ ናቸው። ሳይፈቀድላቸው ተነሡና ምርኩዛቸውን እየተደገፉ መተላለፊያውን አቋርጠው ወደ ግራው ወገን ሄዱ። ከሊቀ መንበሩ ፊት ወንበር አዙረው፣ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አልጮኹም። ቃሉን እየጎተቱ፣ ከንፈራቸውን ገልጠው፣ የኋላ ወንበር ላይ ላለ ልጅ እንደሚናገሩት ተናገሩ።

«ወንድሜ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሰሙት?»

እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ «ምን?» አላለም። ከንፈራቸውን አየ።

«ቆየ» አለ። ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር። «ቆየ፣ እትዬ። ጓደኞቼም እንዲሁ ናቸው። ሥራው ነው።»

«ጆሯችሁ ላይ የምታደርጉት መከላከያ የለም?»

«ማን ሰጥቶን? እኛስ መቼ ጠይቀን?»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ያን ዕለት የተረቱ ትርጉም ሌላ ሆኖ ተሰማኝ። ዳይሬክተሯ ወደ ሰብሳቢዋ ዘወር አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ብዬ ነበር፤ ሁለት ሆነብኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ መስኮት መዝጋት እችላለሁ። እነዚህ ሰዎች ግን ድምፁ ውስጥ ነው የሚውሉት። ረቂቁ እነሱን አንድም ቦታ አያነሣቸውም።»

በአንድ በኩል ስለዚያች ደቂቃ በኋላ ለሚስቱ ሲነግራት፣ እሷም ለእኔ ስትነግረኝ፣ ሁለታቸውም መሳቅ አልሆነላቸውም። ለወራት በሰውየው ጆሮ ሥር ጮኋል። ረቂቁን መስመር በመስመር ያውቀዋል። የሰውየውን ጥቅም ሊያስጠብቅ ተቀጥሮ፣ ጆሮውን እንደ ሥራ እንቅፋት ብቻ ነበር ያየው። እዚያው ወንበሩን አዞረና እሱም ከደንበኛው ፊት ለፊት ተቀመጠ፤ ሳይጮህ፣ ቀስ ብሎ፣ ከንፈሩን እያሳየ አስረዳው። ሊቀ መንበሩ አዳመጠ። ራሱን ነቀነቀ።

«የሰዓቱን ገደብ ማኅበሩ ይቀበላል» አለ በአንድ በኩል ተነሥቶ። «የጆሮ መከላከያው ጥያቄ ደግሞ የእኛም ጥያቄ ሆኖ ይመዝገብልን።» ሲናገር በሌላ በኩል የሚባል አልነበረውም።

ሰብሳቢዋ የሚስማሙበትን ቃል ጽፈው እንዲያመጡ ለሁለቱም ወገን ዕረፍት ሰጡ። አማትና አማች ኮሪደር ላይ ባለ አግዳሚ ወንበር አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው መጻፍ ጀመሩ። እዚያ ነው ትልቁ ጦርነት የተነሣው።

«‹አሠሪው እንደ አስፈላጊነቱ የጆሮ መከላከያ ያቀርባል›» አለ እሱ እየጻፈ።

«‹እንደ አስፈላጊነቱ› ትውጣ።»

«እማማ፣ ይህች ቃል እኮ...»

«ዕድሜዬን ሙሉ ለተማሪ የቤት ሥራ ሰጥቻለሁ። ‹እንደ አስፈላጊነቱ ሥሩ› ብዬ የሠራልኝ ልጅ የለም።»

«ግን ታስተነፍሳለች!»

«አንቀጹ ምን መተንፈስ ያስፈልገዋል? ሳንባ የለው! ሰዎቹ ጆሮ አላቸው።»

ቆይቶ ቆይቶ ሰረዛት። ስንት ዘመን ያገለገለችውን ቃል በገዛ እጁ ነው የሰረዘው። ሲሰርዛት ፊቱን ያየ የቅርብ ዘመድ የተለየው ይመስለው ነበር።

አዋጁ ጥቂት ወራት ቆይቶ ጸደቀ፤ ሥራ ቤቶቹ ባሉበት ቀሩ፣ መቁረጫው ሰዓት ተወሰነለት፣ መከላከያውም ግዴታ ሆነ። ማኅበሩ «አሸነፍን» ብሎ ደስታውን ገለጸ፤ እኛም «አሸነፍን» ብለን ሻይ ጠጣን። በአንድ በኩል የሁለቱም ግብዣ ላይ ተገኝቶ የሁለቱንም ሻይ ጠጣ። ሊቀ መንበሩ ሚስቱ ለዓመታት ስትለምነው እምቢ ያለውን የጆሮ ሐኪም ሄዶ ታየ፤ ትንሽ የመስሚያ መሣሪያም ተደረገለት። የመጀመሪያው ቀን በአንድ በኩል ቢሮ ገብቶ ቁጭ ሲል፣ በአንድ በኩል እንደ ልማዱ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ!» ብሎ ቢጮህበት ጆሮውን ያዘ። «ምነው ወንድሜ» አለው በለሆሳስ፣ «ሰው ነኝ እኮ፤ ምን ያስጮህሃል?»

የዳይሬክተሯ ጉልበት ዳነ። ወደ ቤታቸው እመለሳለሁ ይላሉ፣ ግን አልተመለሱም፤ የሠፈሩ ኮሚቴ አልለቀቃቸውም። ቀጥሎ የያዙት በመንገዳችን ያለውን ክፍት የፍሳሽ ቦይ ነው። ወደ ማዘጋጃ ቤት ልንሄድ ስንዘጋጅ በአንድ በኩል ከረባቱን አስሮ በክፍላቸው በር ላይ ቆመ።

«እማማ፣ በነጻ ነው። ልምዴን ላካፍል።»

ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ትመጣለህ። ግን አትናገርም።»

«እንዴት?»

«ትቀመጣለህ።»

መጣ። እውነቱን ለመናገር ጠቅሞናል፤ የትኛው መስኮት ላይ መመዝገብ እንዳለብን፣ የትኛው ወንበር እግሩ ሰባራ እንደሆነ አሳየን። መሐንዲሱ ጋ ስንገባ ዳይሬክተሯ «ቦዩ ይከደንልን» ብለው ተቀመጡ። መሐንዲሱ ማስታወሻ እየያዘ «ተጨማሪ ማብራሪያ አለ?» አለና፣ ከረባት ያሰረው እሱ ብቻ ስለነበር ወደ በአንድ በኩል ተመለከተ። ሁላችንም ተመለከትነው። አፉን ከፈተ። ትንፋሹ ስትገባ ሰማኋት። አማቱ ዞር አላሉም፤ ምርኩዛቸውን ብቻ ትንሽ ወለሉ ላይ ነካ አደረጉት። አፉን ገጠመ።

«የለም» አለ።

ቦዩ ከዝናቡ በፊት ተከደነ። እሱ ግን ያን ቀን ሊናገር የነበረውን እስካሁን ለሚያገኘው ሰው ሁሉ ያስረዳል። እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ ብቻ ተናግሮ እስኪጨርስ ዝናቡ ይቀድመን ነበር።